ሾፌሩ ሲወርድ ካሳ ከፋዩ ማን ነው?

ይድረስ ለወጣት ወንድሞቼና እህቶቼ፣

ሰሞኑን ከእናንተ የሚደርሰኝ ጥያቄ በሁለት ይከፈላል። ኡበርና ሊፍት የምትነዱት «ዌይሞ (ሾፌር አልባው ታክሲ) ከመጣ እኛ ምን ልንሆን ነው? ኢንሹራንሳችንስ ይቀንስልን ይሆን?» ትሉኛላችሁ። ፋይናንስና ሕግ የምትማሩት ደግሞ «መኪናው ራሱን ከነዳ የመኪና ኢንሹራንስ የሚባል ሥራ ይቀራል ወይ?» ትላላችሁ። ዕድሜዬን የጨረስኩት የካሳ ጥያቄ ስመረምር ነው፤ መጀመሪያ አዲስ አበባ፣ ኋላም እዚህ ሰሜን ቨርጂኒያ። እንግዲህ የማውቀውን ላካፍላችሁ። ዓመቶቹን የምጽፈው በፈረንጆች አቆጣጠር ነው፤ የእኛ ሲሆን እናገራለሁ።

መልሴን ላስቀድም። ኢንሹራንስ አይጠፋም። የሚለወጠው አደጋ ሲደርስ «አንተ ነህ» የሚባለው ወገን ነው። እሱ ሲለወጥ አረቦን (የኢንሹራንስ ክፍያ) ከፋዩም፣ ማስረጃውን የያዘውም፣ ጠበቃ የሚያቆመውም አብሮ ይለወጣል። ችግሩ ይህ ሁሉ በአንድ ሌሊት አይሆንም። ከእናንተ ብዙዎቹ የሚኖሩት ግማሹ መኪና በሰው፣ ግማሹ በኮምፒውተር በሚነዳበት ዘመን ነው፤ እኔን የሚያሳስበኝም ያ የመሸጋገሪያ ዘመን ነው።

የእኛ ሥራ ሥሩ አንድ ጥያቄ ነው፦ ጥፋቱ የማን ነው? ትራፊክ ፖሊሱ የሚያነሳው ፕላን፣ አስፋልቱ ላይ የቀረው የጎማ ምልክት፣ የምስክር ቃል፣ የተጨራመተው ፓራፋንጎ፣ ሁሉም ለዚህ ጥያቄ መልስ የሚለቀሙ ናቸው። ቨርጂኒያ፣ ሜሪላንድና ዲሲ ውስጥ ደግሞ ጥያቄው ከሌላው አሜሪካ ይልቅ ይጨክናል። በአብዛኞቹ ስቴቶች 20 በመቶ ጥፋት ቢገኝባችሁ ካሳችሁ በዚያው ልክ ይቀነሳል። እዚህ ግን 1 በመቶ ጥፋት ከተገኘባችሁ ሙሉ ካሳውን ልታጡ ትችላላችሁ። ዲሲ በ2016 ለእግረኛና ለብስክሌተኛ አላላው እንጂ ለባለ መኪናው ሕጉ እንዳለ ነው። ይህን ሕግ የማያውቅ ሾፌር ስንት እንዳጋጠመኝ አትጠይቁኝ።

እስከ ዛሬ ብዙ ሰው ያተረፈው ያቺ 1 በመቶ በቀላሉ ስለማትታይ ነው። አንዱ «አረንጓዴ ነበር» ይላል፣ ሌላው «የለም፣ ቀይ ነበር» ይላል፤ ምስክር ከሌለ ነገሩ በድርድር ያልቃል። ከሾፌር አልባ መኪና ጋር ስትጋጩ ግን ያ ክርክር የለም። በዙሪያው ካሜራ፣ ራዳርና ላይዳር (በጨረር ርቀት የሚለካ መሣሪያ) አለው። ሰሌዳው 25 በሚልበት መንገድ በ33 ትሄዱ እንደነበር፣ ፍሬን የያዛችሁት ስንት ሰከንድ ዘግይታችሁ እንደሆነ መዝግቦታል። በእናንተ በኩል ያለው ማስረጃ ደግሞ «እኔ እንደማስታውሰው» የሚል ቃል ብቻ ነው። ዌይሞ ዲሲ ውስጥ ሥራ ለመጀመር ማቀዱን በ2025 አስታውቋል፤ አትላንታና ሎስ አንጀለስ ያሉ ወገኖቻችንማ ከለመዱት ቆይተዋል። ስለዚህ ለሾፌሮቹ ያለኝ ምክር አጭር ነው፦ ጥሩ ዳሽካም (መንገዱን የሚቀርጽ የመኪና ካሜራ) አስገጥሙ፣ ቅጂውንም አስቀምጡ። ያኛው ወገን ቪዲዮ ይዞ ሲቀርብ እናንተም ይዛችሁ ቅረቡ።

አሁን የሕግ ተማሪዎቹን አንድ የሚገርም ነገር ላሳያችሁ። የ1952 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ፍትሐ ብሔር ሕግ (ይህ በእኛ አቆጣጠር ነው) ቁጥር 2081ን አውጥታችሁ አንብቡ። የመኪና ባለቤት መኪናው ላደረሰው ጉዳት ይጠየቃል ይላል፤ ያለ ፈቃድ ሌላ ሰው ቢነዳበትም እንኳ። ወደ 2086 እለፉ፦ ባለቤቱ «ጥፋት የለብኝም» ወይም «የጉዳቱ ምክንያት አልታወቀም» ብሎ ከኃላፊነት አያመልጥም፤ የሚያድነው የተጎጂው ጥፋት ከሆነ ነው። 2085 ደግሞ ዕቃ ሠርቶ ለሕዝብ የሚሸጥ አምራችን ይጠይቃል። አዲስ አበባ ሳለሁ እነዚህን ቁጥሮች በቃሌ አውቃቸው ነበር፤ ለኮምፒውተር ይሠራሉ ብዬ ግን አስቤ አላውቅም። ዛሬ መሐንዲሶቹ ራሳቸው «መኪናው ለምን እንደዚያ እንደወሰነ በትክክል መናገር ያስቸግራል» በሚሉበት ጊዜ፣ «ምክንያቱ አልታወቀም» መከላከያ አይሆንም የሚል ሕግ ከስንቱ አዲስ ሕግ ይበልጣል። አሜሪካኖቹ ጥፋት ፍለጋ ሲደክሙ፣ የእኛው ሕግ ጥፋት ሳይፈልግ ባለቤቱን ይይዘዋል። ተጎጂው ካሳውን ቶሎ ማግኘቱን ለሚያስቀድም ሰው ይህ መንገድ ይሻላል ባይ ነኝ።

እንግሊዞችም ወደዚሁ ተጠግተዋል። በ2018 ባወጡት ሕግ፣ መኪናው ራሱን እየነዳ አደጋ ካደረሰ የመኪናው ኢንሹራንስ መጀመሪያ ለተጎጂው ይከፍላል፤ ከዚያ በኋላ አምራቹን የመጠየቅ መብት አለው። ተጎጂው ከሶፍትዌር ኩባንያ ጋር ዓመታት አይካሰስም። በ2024 ደግሞ ማን በምን እንደሚጠየቅ የሚዘረዝር ሌላ ሕግ ጨመሩበት። አሜሪካ ውስጥ ኢንሹራንስን የሚቆጣጠሩት ስቴቶቹ ናቸው፤ ሃምሳው በየራሱ መንገድ እየሄደ ነው።

አሁን ገንዘባችሁን የሚነካው ላይ ልምጣ። «ራሱን ይነዳል» የሚባል መኪና ሁሉ ራሱን አይነዳም። መሐንዲሶቹ ከ0 እስከ 5 ደረጃ አውጥተውለታል። የቴስላ መኪና የማሽከርከር ረዳት የሆነው አውቶፓይለትም፣ እዚህ ከተማ የምታዩዋቸው የሌሎቹም አብዛኞቹ፣ ደረጃ 2 ናቸው። በደረጃ 2 መኪናው መሪ ይዞ፣ ነዳጅ ሰጥቶ፣ ፍሬን ቢይዝም ሾፌሩ እናንተ ናችሁ። ደረጃ 3 ላይ፣ መርሴዲስ በጀርመን ቀጥሎም በኔቫዳና በካሊፎርኒያ ፈቃድ እንዳገኘበት ዓይነት፣ በተወሰነ መንገድና ፍጥነት ዓይናችሁን ከመንገዱ ማንሳት ይፈቀዳል። የዌይሞው ዓይነት ደረጃ 4 ነው፤ በተከለለለት አካባቢ ሰው አይፈልግም።

ለኢንሹራንስ ትልቁ ድንበር በ2 እና በ3 መካከል ያለው ነው። ከድንበሩ ወዲህ ሆነው ማዶ ያሉ የሚመስላቸው ሰዎች ናቸው የሚጎዱት። በመጋቢት 2018 ቴምፒ፣ አሪዞና ውስጥ የኡበር የሙከራ መኪና ብስክሌት እየገፋች መንገድ የምታቋርጥ ሴት ገጭቶ ገደለ። ኩባንያው በወንጀል አልተከሰሰም። የተከሰሰችው መሪው ኋላ ተቀምጣ እንድትጠብቅ የተቀጠረችው ሠራተኛ ነበረች፤ በ2023 ጥፋተኛነቷን አምና የ3 ዓመት አመክሮ (ሳትታሰር በክትትል መቆየት) ተፈረደባት። በነሐሴ 2025 ደግሞ ማያሚ ላይ የተሰየመ ጁሪ (ፍርድ የሚሰጥ የዜጎች ቡድን) በ2019 ኪ ላርጎ፣ ፍሎሪዳ ውስጥ አውቶፓይለት በርቶ ሳለ ለደረሰ የሞት አደጋ ሾፌሩን 67 በመቶ፣ ቴስላን 33 በመቶ ተጠያቂ አደረገና ቴስላ ከ240 ሚሊዮን ዶላር በላይ እንዲከፍል ወሰነ። ወሬው ሁሉ ስለ ገንዘቡ ነበር። እኔ ዓይኔ የሄደው 67ቱ ላይ ነው። ኩባንያው ይህን ያህል ተቀጥቶም እንኳ ትልቁ ድርሻ ሾፌሩ ትከሻ ላይ ቀርቷል።

ስለዚህ አደጋ ደርሶባችሁ የኢንሹራንሱ ሰው ደውሎ «ቃልዎን ልቅዳ» ሲላችሁ «እኔ አልነበርኩም፣ መኪናው ነው ይነዳ የነበረው» ማለት የሚያድናችሁ እንዳይመስላችሁ። ደረጃ 2 ከሆነ ይህች ቃል ትኩረት እንዳልሰጣችሁ በራሳችሁ አንደበት መመስከር ናት። ቀጣዩ ጥያቄ «ታዲያ እርስዎ ምን እያደረጉ ነበር?» ነው።

አረቦኑ ይቀንሳል ወይ ላላችሁት፦ ዌይሞ ስዊስ ሪ ከሚባለው ትልቅ የጠለፋ ዋስትና ኩባንያ (ኢንሹራንሶችን ራሳቸውን ዋስ የሚሆን) ጋር በ2024 መጨረሻ ያወጣው ጥናት አለ። መኪኖቹ ያለ ሾፌር በሄዱት 25.3 ሚሊዮን ማይል ላይ፣ በሰው ከሚነዱት ጋር ሲነጻጸር የንብረት ጉዳት ጥያቄ በ88 በመቶ፣ የአካል ጉዳት ጥያቄ በ92 በመቶ አንሶ ተገኝቷል። ጥናቱን ያወጣው ባለ ጉዳዩ ራሱ መሆኑን አትርሱ፤ የተሠራውም በተመረጡ ከተሞች ነው። ቢሆንም የካሳ ጥያቄ ሲያይ ለኖረ ሰው ይህ ቀላል ቁጥር አይደለም።

የአደጋው ቁጥር ቢያንስም አንዱ አደጋ የሚጠይቀው ወጪ እየናረ ነው። ቀይ መብራት ላይ ቆማችሁ ከኋላ ቀስ ብሎ የነካችሁን መኪና አስቡ። ድሮ ባትላሜራው ባምፐሩን ያቃናል፣ ስቱኮ ይመታል፣ ቀለም ይረጫል፣ በቃ። ዛሬ ከባምፐሩ ኋላ ራዳር አለ፣ ጥጉ ላይ ሴንሰር አለ። ራዳሩ ጥቂት ቢያዘነብል የሚያየው ሌላ መስመር ነው፤ ስለዚህ ጋራዡ ባምፐሩን ከቀየረ በኋላ መኪናውን ለጥ ያለ ወለል ላይ አቁሞ፣ ፊቱ የመለኪያ ሰሌዳ ተክሎ፣ በኮምፒውተር ካሊብሬሽን (የሴንሰር ማስተካከያ) ይሠራለታል። የፊት መስታወት ሲቀየርም እንዲሁ ነው፤ ካሜራው እሱ ላይ ነውና። ከወጪው ግምት ላይ ይህቺን መስመር የሚሰርዝ የኢንሹራንስ ሰው ካጋጠማችሁ አትፈርሙ። የመኪናው አምራች የሚያዘውን የጥገና መመሪያ ጋራዡ አትሞ እንዲሰጣችሁ ጠይቁና እሱን ይዛችሁ ተከራከሩ።

ስለ መረጃ ሳልናገር አላልፍም። በ2024 ጀኔራል ሞተርስ የደንበኞቹን የአነዳድ መረጃ፣ ድንገት ፍሬን መያዛቸውንና መፍጠናቸውን ሁሉ፣ ሌክሲስኔክሲስን ለመሰሉ መረጃ ነጋዴዎች ይሰጥ እንደነበር ተጋለጠ፤ ኢንሹራንሶቹም ከእነሱ ይገዙ ነበር። ብዙው ባለ መኪና አረቦኑ ለምን እንደጨመረ እንኳ አላወቀም። «አፑን ጫኑ፣ ቅናሽ እንሰጣለን» ስትባሉ «በሬ ሆይ፣ ሳሩን አየህና ገደሉን ሳታይ» የሚለውን አስታውሱ። ቅናሹን አትቀበሉ አላልኩም፤ በጥንቃቄ የምትነዱ ከሆነ ይጠቅማችኋል። ግን ማታ የምትሠሩ የኡበር ሾፌሮች «ሌሊት መንዳት አደገኛ ነው» በሚል ስሌት ነጥባችሁ ሊቀንስ እንደሚችል እወቁ። ሌክሲስኔክሲስ ስለ እናንተ የያዘውን ፋይል በዓመት አንድ ጊዜ በነጻ የመጠየቅ ሕጋዊ መብት አላችሁ። ጠይቁት።

ሌላም አለ። «ቴስላ ገዝቼ እኔ ተኝቼ እሱ ታክሲ እየሠራ ያድራል» የምትሉ ልጆች አላችሁ። ኩባንያው ይህን ተስፋ ከ2016 ጀምሮ ሲናገር ቆይቷል። የግል መኪና ፖሊሲያችሁን አውጡና «ኤክስክሉዥን» የሚለውን ክፍል አንብቡ፤ በክፍያ ሰው ማጓጓዝ እንደማይሸፈን ተጽፎ ታገኙታላችሁ። ኡበር ስትሠሩ የተሳፋሪ ጥሪ ከተቀበላችሁበት ጊዜ አንስቶ የኩባንያው 1 ሚሊዮን ዶላር ሽፋን ስላለ ክፍተቱ አልታያችሁም። መኪናው ብቻውን ሲወጣ ማን እንደሚሸፍነው በጽሑፍ ሳትይዙ በብድር መኪና አትግቡ። ካሊፎርኒያ መንገድ ላይ ለመሞከር ብቻ ከኩባንያዎቹ የ5 ሚሊዮን ዶላር ዋስትና የምትጠይቀው ወዳ አይደለም።

ወደ ሙያው መግባት የምትፈልጉት፣ ግቡ። ግን ለቤተሰብ የመኪና ፖሊሲ እየሸጣችሁ በኮሚሽን ለመኖር ካሰባችሁ ገበያው እየጠበበ የሚሄድ ይመስለኛል። የዌይሞን መኪኖች አንድ በአንድ የሚያስመዘግብ ኤጀንት የለም፤ በጅምላ፣ በትልቅ ውል፣ ከፊሉም በራሱ በኩባንያው ካዝና የሚሸፈን ነው። ገንዘቡ የሚሄደው ወደ አምራች ተጠያቂነት፣ ወደ ሳይበር ጥቃት ሽፋንና ለተጎጂው ከፍሎ አምራቹን ወደሚያስከፍለው ክፍል ነው። አንድ የተሳሳተ የሶፍትዌር ማሻሻያ በአንድ ጠዋት አንድ ሺህ መኪና ሊያሳስት ይችላል፤ ለዚህ አረቦን ማስላት የሚችል ሰው ሥራ አያጣም። ስታቲስቲክስ ተማሩ፤ ከመኪናው ኮምፒውተር የወጣ መዝገብ ማንበብንም ተለማመዱ። የውል ቋንቋ አትፍሩ።

አዲስ አበባ በኢንሹራንስ ኩባንያ የካሳ ክፍል ያላችሁት «ይህ ለእኛ ገና ነው» እንዳትሉ። ነዳጅ የሚጠቀሙ የግል መኪኖች እንዳይገቡ በ2024 ከታገደ ወዲህ የሚገቡት የኤሌክትሪክ መኪኖች ብዙዎቹ መስመር የሚጠብቅና በራሱ ፍሬን የሚይዝ ረዳት አላቸው። ይህ ረዳት መስመሩን የሚያየው በቀለሙ ነው፤ የእኛ መንገድ ቀለም ደግሞ የት እንዳለ ታውቁታላችሁ። በራሱ ፍሬን ይዞ ከኋላ የተገጨ መኪና እናንተ ዘንድ ይመጣል፣ ምናልባትም መጥቷል። በፍትሐ ብሔሩ ቁጥር 2084 ሁለት መኪኖች ሲጋጩ ተቃራኒው እስኪረጋገጥ ጥፋቱ እኩል ነው ተብሎ ይገመታል፤ ተቃራኒውን ማረጋገጥ የሚቻለው ደግሞ የጠየቀ ሰው ሲኖር ነው። የአደጋ ማስታወቂያ ቅጻችሁ ላይ አንድ መስመር ጨምሩ፦ «አደጋው ሲደርስ ከመኪናው የማሽከርከር ረዳቶች የትኛው በርቶ ነበር?» ቅጽ ለመቀየር የቦርድ ውሳኔ የሚያስፈልግ ከሆነ እስከዚያው በእስክሪፕቶ ጻፉበት።