ክሎቶ፣ ፎስፌት እና በሁለት ወር የሚያረጁ አይጦች

ጥያቄ፦ በኩላሊት እጥበት ክፍል የምሠራ ነርስ ነኝ። ክሎቶ የሚባል ፕሮቲን የጎደላቸው አይጦች በሁለት ወር አርጅተው ይሞታሉ ሲባል ሰማሁ። ታዲያ ፕሮቲኑ እርጅናን የሚከለክል ነው ማለት ነው? ከእኛ ታካሚዎች ጋርስ ምን ያገናኘዋል?

መልስ፦ የሰሙት እውነት ነው፤ ከእሱ ተነስቶ የሚሰጠው ድምዳሜ ግን ብዙ ጊዜ ይስታል። እ.ኤ.አ. በ1997 በጃፓን ማኮቶ ኩሮ-ኦ እና ባልደረቦቹ እነዚህን አይጦች ይፋ አደረጉ። ለሌላ ሥራ የገባ ዲኤንኤ በአጋጣሚ አንድ የማይታወቅ ጂን አበላሽቶ ነበር። ግልገሎቹ እስከ ሦስተኛው ሳምንት ከወንድሞቻቸው አይለዩም። ከዚያ በኋላ እድገታቸው ይቆማል፣ የደም ሥራቸው ግድግዳ ካልሲየም ይጋግራል፣ አጥንታቸው ይሳሳል፣ ቆዳቸው ይመነምናል፣ መራባት አይችሉም። በአማካይ 60 ቀን ገደማ ኖረው ይሞታሉ፤ ጤነኛ የላቦራቶሪ አይጥ ግን ሁለት ዓመት ያህል ይኖራል። ጂኑ ስሙን ያገኘው በግሪክ አፈ ታሪክ የሕይወትን ክር ከምትፈትለው ከክሎቶ ነው።

ፕሮቲኑ በብዛት የሚገኘው ኩላሊት ውስጥ ነው። በሕዋሱ ሽፋን ላይ ተተክሎ ይቆማል፤ ከሽፋኑ ውጭ ያለው ክፍሉ በኢንዛይም እየተቆረጠ ወደ ደም ይገባል። የተተከለው ክሎቶ ዋና ሥራ ኤፍጂኤፍ-23 ለተባለው ሆርሞን ተባባሪ ተቀባይ መሆን ነው። ሆርሞኑ ከአጥንት ይመነጫል፤ ኩላሊት ፎስፌትን (ከምግብ የሚገኘውን የፎስፈረስ ጨው) በሽንት እንዲያስወጣና ንቁውን ቫይታሚን ዲ እንዲቀንስ ያዛል። ክሎቶ ከሌለ ትእዛዙ ሰሚ ያጣል። አጥንት ሆርሞኑን እያበዛ ይልካል፣ ኩላሊት አይሰማም፣ ፎስፌት፣ ካልሲየምና ንቁ ቫይታሚን ዲ በደም ውስጥ ይከማቻሉ። ኤፍጂኤፍ-23 ራሱ የሌላቸው አይጦችም ከክሎቶ አይጦች ጋር የሚመሳሰሉት በዚህ ምክንያት ነው።

ጥያቄዎን በቀጥታ የሚመልሰው ሙከራ የሚከተለው ነው። ተመራማሪዎች ክሎቶ ከጎደላቸው አይጦች ላይ፣ ኩላሊት ፎስፌትን ወደ ደም የሚመልስበትን ናፒ-2ኤ የተባለ ማጓጓዣም አጠፉ። ፎስፌት ወረደ፣ አይጦቹም ከበፊቱ የተሻለ ዕድሜ ኖሩ፤ ካልሲየምና ቫይታሚን ዲ ግን ከፍ እንዳሉ ነበሩ። እነዚሁ አይጦች ፎስፌት የበዛበት መኖ ሲበሉ የእርጅናው ምልክት ተመልሶ መጣ። ክሎቶ በሁለቱም ጊዜ አልነበረም፤ የተለወጠው ፎስፌቱ ነው። ስለዚህ በእኛ አስተያየት በእነዚህ አይጦች ላይ የሚታየውን አብዛኛውን ጉዳት የፎስፌት መመረዝ ማለት ወደ እውነቱ ይቀርባል። የክሎቶ ጂን በሁለቱም ቅጂ ተበላሽቶባት እ.ኤ.አ. በ2007 የተዘገበች የ13 ዓመት ልጅም የታየባት ችግር በአካሏ ውስጥ የካልሲየም ክምር መፈጠሩ ነበር፤ ያለጊዜዋ አላረጀችም።

ታካሚዎችዎ ዘንድ ሂደቱ ተመሳሳይ ነው። ኩላሊት ሲዳከም ክሎቶ ይቀንሳል፣ ኤፍጂኤፍ-23 ይጨምራል፤ የደም ፎስፌት ከፍ ብሎ የሚታየው ዘግይቶ ነው። እናንተ በእጃችሁ ያለው ፎስፌቱን መቆጣጠር ነው። ፎስፌት የሚይዘው መድኃኒት የሚሠራው አንጀት ውስጥ ከምግቡ ጋር ሲገናኝ ነው፤ ስለዚህ ከምግብ ጋር ይወሰድ። ከበሉ ከሁለት ሰዓት በኋላ የተዋጠ ክኒን የሚይዘው ፎስፌት እምብዛም አያገኝም። በፋብሪካ የሚጨመር ፎስፌት (ኮላ፣ በማሸጊያ የሚሸጥ ሥጋ፣ የቀለጠ አይብ) በጥራጥሬ ውስጥ ካለው በጣም በቀላሉ ወደ ደም ይገባል። መጀመሪያ መከልከል ያለበትም እሱ ነው፤ ሽሮውን ከልክሎ ኮላውን መተው ነገሩን መገልበጥ ነው።

ጥያቄ፦ በክሎቶ አይጦች ላይ የመመረቂያ ጥናት እየሠራሁ ነው። ከአንድ ሳጥን የተገኙ እንስሳት የፎስፌት ውጤታቸው በጣም ይራራቃል። ኤፍጂኤፍ-23ም በአንዱ ኪት (የላቦራቶሪ መለኪያ ስብስብ) ከፍ፣ በሌላው ዝቅ ብሎ ይመጣል። ምን ላይ ልፈልግ?

መልስ፦ መጀመሪያ ሴረሙን፣ ማለትም ደሙ ከረጋ በኋላ የሚለየውን ፈሳሽ፣ በብርሃን አይተው ይለዩ። ሮዝ ወይም ቀይ ከሆነ ቀይ የደም ሕዋሳት ፈርሰዋል ማለት ነው፤ በውስጣቸው ያለው ፎስፌትና ፖታሲየም ወጥቶ ውጤቱን በሐሰት ከፍ ያደርገዋል። ብዙውን ጊዜ ጥፋቱ ቀጭን መርፌ፣ በኃይል መሳብና ደሙን በመርፌው በኩል ገፍቶ ወደ ቱቦ ማስገባት ነው። በዝግታ ይሳቡ፤ መርፌውን ነቅለው ደሙ በቱቦው ግድግዳ ላይ እንዲፈስ ያድርጉ። በክፍል ሙቀት 30 ደቂቃ ይርጋ፣ በማሽከርከሪያ መሣሪያ በ2000 ጂ (የመሬት ስበት 2000 እጥፍ) ለ10 ደቂቃ ይሽከርከር፣ ሴረሙም ወዲያው ከረጋው ደም ይለይ። ሌሊቱን ከረጋው ደም ጋር ያደረ ናሙና ለፎስፌት አይሆንም።

ቀጥሎ መጠኑ። አይጥ በአንድ ግራም ክብደት ከ70 እስከ 80 ማይክሮሊትር ደም አለው። የክሎቶ አይጥ 10 ግራም እንኳ ላይሞላ ስለሚችል ጠቅላላ ደሙ ከ0.8 ሚሊሊትር አይበልጥም። በሕይወት እያለ በአንድ ጊዜ ከአንድ አሥረኛው በላይ፣ ማለትም ከ70 እስከ 80 ማይክሮሊትር በላይ አይቅዱ። ይህ ለእንስሳው ደኅንነት ብቻ አይደለም፤ ደም ማጣት ራሱ ኤፍጂኤፍ-23 እንዲጨምር ያደርጋል። በየሳምንቱ ከሚቀዳ አይጥ የሚያገኙት ውጤት የመርፌዎን ሥራ ጭምር ያሳያል።

የሁለቱ ኪቶች ልዩነት ምናልባት ስህተት አይደለም። አንደኛው ዓይነት ኪት የሚለካው ሙሉውን ሆርሞን ብቻ ነው፤ ሌላው የጭራውን ክፍል ስለሚይዝ የተቆረጡትንም ቁርጥራጮች አብሮ ይቆጥራል። የብረት እጥረት ሲኖር ሆርሞኑ በብዛት ተመርቶ በብዛት ይቆረጣል፤ ሁለተኛው ኪት ይጨምራል፣ የመጀመሪያው ግን ላይንቀሳቀስ ይችላል። ሁለቱን በአንድ ሠንጠረዥ አያቀላቅሉ። በተጨማሪ የክሎቶ አይጥ ኤፍጂኤፍ-23 ከመለኪያው ጣሪያ እጅግ በላይ ነው፤ ሳይቀጠን ሲለካ ኪቱ በናሙናው ብዛት ታፍኖ ዝቅ ያለ ቁጥር ሊሰጥ ይችላል። አንዱን ናሙና በተለያየ መጠን አቅጥነው ይሞክሩ፤ መልሰው ሲያባዙት ወደ አንድ ቁጥር መምጣት አለበት። ደም እንዳይረጋ የሚያደርገው ኢዲቲኤ የተባለ ኬሚካል ባለበት ቱቦ የተቀዳ ፕላዝማ (ያልረጋ ደም ፈሳሽ) ለኤፍጂኤፍ-23 ይሆናል፤ ለካልሲየም ግን ፈጽሞ አይሆንም፣ ኢዲቲኤ ካልሲየሙን ይይዘዋልና። ናሙናውን ከመቀዝቀዙ በፊት በትንንሽ ቱቦ ከፋፍለው በ80 ዲግሪ ከዜሮ በታች ያስቀምጡ፤ በደም ውስጥ ያለው ክሎቶ ደጋግሞ መቅለጥና መቀዝቀዝን አይወድም።

እነዚህ ሁሉ ትክክል ሆነው ውጤቱ ከተራራቀ መኖውን ይዩ። ትንሹ አይጥ ከላይ ካለው የመኖ መደርደሪያ አይደርስም፤ የተራበ እንስሳ ፎስፌቱ ዝቅ ይላል፣ እርስዎም «ተሻለው» ይላሉ። መኖውን በውኃ አለስልሰው ወለሉ ላይ ያድርጉ፣ የውኃውን አፍ ረጅም ያድርጉ፣ በየቀኑ ይመዝኑ። ደሙንም ሁልጊዜ በአንድ ሰዓት ይቅዱ፤ ፎስፌት ከጠዋት እስከ ማታ ይለዋወጣል።

ጥያቄ፦ እነዚህ አይጦች ፕሮጄሪያ (ያለጊዜ የሚያስረጅ በሽታ) ያለባቸውን ልጆች ይወክላሉ?

መልስ፦ አይወክሉም። የሃቺንሰን-ጊልፎርድ ፕሮጄሪያ መንስኤ ላሚን-ኤ በተባለው ጂን ላይ ያለ የአንድ የዲኤንኤ ፊደል ለውጥ ነው፤ ይህም እ.ኤ.አ. በ2003 ታወቀ። ለውጡ 50 አሚኖ አሲድ የጎደለው ፕሮጄሪን የተባለ ፕሮቲን ይፈጥራል። ጉዳቱ የሚጀምረው ከሕዋሱ አስኳል ሽፋን እንጂ ከደም አይደለም። ለእሱ የራሱ አይጥ አለ፤ እ.ኤ.አ. በ2011 በስፔን ኦቪዬዶ የተዘጋጀው በሁለቱም ቅጂ ለውጡ ሲኖረው 103 ቀን ገደማ ይኖራል። ሆኖም ሁለቱ በአንድ ቦታ ይገናኛሉ፦ የደም ሥር ካልሲየም መጋገር በዚህም አይጥ ላይ ይታያል፣ መጋገሩን የሚከላከለው ፓይሮፎስፌትም በደሙ ውስጥ አነስተኛ ነው። ለልጆቹ ሎናፋርኒብ የተባለ መድኃኒት እ.ኤ.አ. በ2020 በአሜሪካ ተፈቅዷል። እ.ኤ.አ. በ2021 ደግሞ ያንኑ የተሳሳተ ፊደል በማረም የአይጦች ዕድሜ ከ215 ወደ 510 ቀን ከፍ ብሏል፤ ተስፋችንን የምንጥለው እዚህ ላይ ነው።

ጥያቄ፦ ወንድሜ ከዱባይ ለእናታችን «ክሎቶን የሚጨምር» የተባለ ዱቄት ልኮልናል። ትውሰደው?

መልስ፦ አትውሰደው። ክሎቶ ትልቅ ፕሮቲን ነው፤ ቢዋጥ እንደ ማንኛውም ሥጋ ሆድ ውስጥ ይፈጫል። እ.ኤ.አ. በ2023 ባረጁ ዝንጀሮዎች ላይ የማስታወስ ችሎታን ያሻሻለው በመርፌ የተሰጠ ነው፣ መጠኑም በኪሎ 10 ማይክሮግራም ብቻ ነበር፤ ከዚያ የበለጠ መጠን ሲሰጥ ጥቅሙ አልታየም። የዱቄቱ እሽግ ላይ ፎስፌት ወይም ቫይታሚን ዲ ተጽፎ ከሆነና የእናትዎ ኩላሊት ደክሞ ከሆነ ጉዳት ያመጣል። ወንድምዎ ለዱቄቱ ያወጣውን ያህል ገንዘብ ካላችሁ የደም ክሬቲኒን፣ የደም ፎስፌትና የሽንት አልቡሚን አስመርምሩላት፤ ውጤቱንም ለሐኪሟ አሳዩ።