ግምቱ በዛብኝ ከማለትሽ በፊት ፋይሉን እዪው

«ድሬዳዋ ሳቢያን ያለው የወላጆቻችን ቤት ለግብር የተያዘበት ግምት በአንዴ ዘለለ። ጎረቤታችን ላይ ግን ይህን ያህል አልጨመረም። ቅሬታ ባቀርብ ይሰሙኛል ወይስ መመላለስ ብቻ ነው?» ብለሽ ለጠየቅሽው እህቴ፦ ይሰሙሻል፤ ምን ይዘሽ እንደሄድሽ ግን ይወስነዋል።

እኔም ቀፊራ አካባቢ ባለው የእናቴ ቤት ጉዳይ በዚሁ መንገድ አልፌያለሁ። ቅሬታ ሰሚ ኮሚቴው ፊት የሚቀርበው ሰው ሁሉ ኑሮ ተወደደ፣ ጡረታዬ አትበቃም፣ ከየት ላምጣ ይላል። እውነቱን ነው። ቅሬታ ሰሚዎቹ ግን የግብሩን ምጣኔ መቀነስ አይችሉም። ሊያርሙ የሚችሉት ስለ ቤትሽ የተመዘገበውን ነው፤ ስፋቱን፣ ከምን እንደተሠራ፣ ዕድሜውን፣ ለምን እንደሚያገለግል።

ስለዚህ ጠቅላላ ብሩ የተጻፈበትን ወረቀት ብቻ ይዘሽ አትመለሺ። ባለሙያው ሲለካ የሞላውን ቅጽ ኮፒ እንዲሰጡሽ በጽሑፍ አመልክቺ። ማመልከቻውን መዝገብ ቤት አስገቢና ቀንና ቁጥር አስጽፊበት። የቅሬታ ማቅረቢያው ቀን ማስታወቂያው ላይ ካለ ዛሬውኑ እዪው።

የእናቴ ቤት ቅጽ ላይ «ግድግዳ፦ ብሎኬት» ተብሎ ተጽፏል። ቤቱ እኮ ጭቃ ነው! ከውጭ በሲሚንቶ ተለስኖ ቀለም ስለተቀባ፣ ከመንገድ ሆኖ ለሚያየው ብሎኬት ይመስላል። በጓሮ በኩል ግን ልስኑ የተላቀቀበት ቦታ ነበር። ጭቃው ከነጭዱ፣ ከሥሩም እንጨቱ ፍጥጥ ብሎ ይታያል። እሱን ከቅርብ ፎቶ አነሳነው፤ ከዚያ ግድግዳው በሙሉ እንዲታይ ራቅ ብለን ደገምን። የቅርቡ ብቻ ከሆነ የማን ቤት እንደሆነ በምን ይታወቃል?

ሌላው ጥላው ነው። የድሬን ሙቀት ታውቂዋለሽ፤ በየግቢው በቆርቆሮ የተሠራ ማረፊያ አለ። የእኛው በሦስት በኩል ክፍት ነው፤ እነሱ ግን እንደ ክፍል ቆጥረው ካሬው ላይ ደምረውታል። በሜትር ለክተን፣ በእስክሪብቶ ንድፍ ሠርተን ከካርታው ኮፒ ጋር አያያዝነው። ባለሙያ ልከው እንደገና አስለኩት፤ ሁለቱም ተስተካከሉ።

ሦስተኛው አልተሳካም። ቤቱ ለደቻቱ ወንዝ ቅርብ ነው። በ1998 ክረምት ያ ጎርፍ ያደረሰውን የድሬ ሰው መቼም አይረሳውም። ስለዚህ የቦታው ዋጋ ዝቅ ይበል አልን። በቃል ብቻ ስለነበር አልተቀበሉንም። በአካባቢሽ በቅርብ የተሸጠ ቤት ካለና ባለቤቱ ውሉን ኮፒ ካደረገልሽ ግን ጥሩ ማስረጃ ነው።

ማስታወቂያሽ የትኛውን ሕግ እንደሚጠቅስም እዪ። በአዋጅ ቁጥር 80/1968 የሚከፈለው፣ ጣሪያና ግድግዳ የምንለው፣ በቤቱ ዓመታዊ የኪራይ ግምት ላይ ነው የሚሰላው። እዚያ ላይ የኪራይ ውል ይጠቅምሻል። በ2017 የወጣው የንብረት ታክስ አዋጅ ደግሞ ከገበያ ዋጋው 25 በመቶውን ወስዶ ነው የሚያሰላው። የሕንፃው ምጣኔ ከ0.1 እስከ 1 በመቶ፣ የቦታው ከ0.2 እስከ 1 በመቶ ነው። ሕንፃው 4 ሚሊዮን ብር ቢገመት ታክሱ በ1 ሚሊዮኑ ላይ ይታሰባል፤ በዓመት ከ1,000 እስከ 10,000 ብር ማለት ነው። የተያዘብሽን ምጣኔ ጠይቂና ራስሽ አስልተሽ እዪው። የሚቀነስልሽ ብር የባጃጅ ወጪሽን የማይሸፍን ከሆነ ተዪው፤ ምን አደከመሽ!

ጎረቤትሽን በተመለከተ ደግሞ፣ በእናትሽ፣ ስሙን ቅሬታሽ ውስጥ አታስገቢ። «ለእሱ ለምን አነሰ?» ስትዪ ያንቺ በመቀነስ ፈንታ የእሱ ሊጨምር ይችላል። ከዚያ በኋላ አብራችሁ ቡና የምትጠጡ አይመስለኝም።

ቅሬታ ስላስገባሽ ክፍያው ይቆማል ብለሽም እንዳትዘናጊ። ጠይቂና መልሱን በጽሑፍ ያዢ። እኛ ቀኑ እንዳያልፍብን ከፈልን፤ ትርፉ ለሚቀጥለው ዓመት ተያዘልን። ውሳኔውንም ከነምክንያቱ በወረቀት ተቀበዪ፤ ይግባኝ ልበል ብትዪ በቃል የተነገረሽ አይረዳሽም። ስትሄጂ ጠዋት ሂጂ፣ ያለፈው ዓመት ደረሰኝም አይረሳ። ቅጹን ካገኘሽው ደግሞ ግድግዳና ካሬ የሚለውን ቦታ ላኪልኝና አብረን እናየዋለን።