የጃፓን ምግብ ቤት ለምሳ ለምትገቡ ወገኖች

የጃፓን ምግብ ቤት ለመጀመሪያ ጊዜ ልትገቡ ያሰባችሁ ወገኖች፣ ምሳ ሰዓትን እንድትመርጡ እመክራለሁ። ብዙዎቹ ቤቶች በምሳ ሰዓት «ቴይሾኩ» የሚሉትን፣ ማለትም ሩዝ፣ ሚሶ ሾርባ (ከፈላ የአኩሪ አተር ሊጥ የሚሠራ)፣ አንድ ዋና ምግብና ጥቂት በጨው የታሸ አትክልት በአንድ ትሪ የሚቀርብበትን ምሳ ስለሚያዘጋጁ፣ በማታውቁት የምግብ ዝርዝር ላይ ከማፍጠጥ ትድናላችሁ፤ ሒሳቡም ከእራቱ ብዙ ጊዜ ይቀላል።

ሥጋ፣ ዓሣ ወይም አልኮል የማትቀምሱ ከሆነ፣ ከማዘዛችሁ በፊት ስለ መረቁ ጠይቁ። የጃፓን ምግብ መሠረት የሆነው «ዳሺ» በብዛት የሚወጣው ኮምቡ ከተባለ የባሕር አረምና ደርቆ በስሱ ከተላገ ቦኒቶ ዓሣ በመሆኑ፣ ለዓይን ቶፉ (ከአኩሪ አተር የሚሠራ አይብ መሰል ምግብ)ና አትክልት ብቻ የሚታይበት ሳህን ዓሣ ሊኖርበት ይችላል። ኪኩናኤ ኢኬዳ የተባለው ጃፓናዊ ኬሚስት እ.ኤ.አ. በ1908 «ኡማሚ» ብሎ የሰየመውን እንደ ሥጋ መረቅ ያለ ጥልቅ ጣዕም ያገኘው ከኮምቡ መረቅ ነውና፣ በኮምቡ ብቻ የተሠራ ካለ እንዲያመጡላችሁ መጠየቅ ጣዕም ያጎድልብናል ብላችሁ አትስጉ። ቶንኮትሱ ራመን የተባለው የኑድል ሾርባ ግን መረቁ የአሳማ አጥንት ለረጅም ሰዓት ተቀቅሎ የሚወጣ ስለሆነ፣ «ከላይ ያለውን ሥጋ አንሡልኝ» ማለት የሚለውጠው ነገር የለም። ለማጣፈጫ የሚገባው ሚሪንም ከሩዝ የሚሠራና በተለመደው ዓይነቱ አልኮል ያለበት ነው። «አትክልት ብቻ ነው» ሲሏችሁ፣ «መረቁስ ከምን ወጣ?» ብላችሁ ድገሙ።

ስለ ቾፕስቲክ (የመብያ እንጨቶቹ) አያያዝ ብዙ አትጨነቁ፤ ሹካ መጠየቅ ነውር የለውም፣ ኒጊሪ ሱሺንም (በእጅ በተጨበጠ ሩዝ ላይ ብዙ ጊዜ ጥሬ ዓሣ የሚደረብበትን) በእጅ መብላት ይቻላል። ነውሩ ሌላ ቦታ ነው። ከዓመታት በፊት ምሳ እየበላሁ ስልኬ ሲጠራ፣ ሁለቱን እንጨቶች ሩዙ ላይ ቀጥ አድርጌ ተክዬ ወጣሁ። ስመለስ በዕድሜ የገፉት አስተናጋጅ አንዲት ቃል ሳይተነፍሱ ነቅለው በማረፊያቸው ላይ አጋድመዋቸው አገኘሁ። ለካስ ጃፓኖች እንዲያ የሚተክሉት ለሟች በሚያቀርቡት ሩዝ ላይ ነው። ከእንጨት ወደ እንጨት ምግብ መቀባበልም አስከሬን ከተቃጠለ በኋላ ዐፅም የሚለቀምበትን ሥርዓት ስለሚያስታውስ፣ ባልንጀራችሁን ማቅመስ ስትፈልጉ ሳህኑን አስጠጉለት።

ሱሺውን በሶያ ሶስ ስትነክሩ በዓሣው በኩል ይሁን፤ ሩዙ ሶሱን ከጠጣ ይፈርሳል። «ጋሪ» የሚሉት (ከእኛው ጋሪ ጋር የሚገናኘው በስም ብቻ ነው) በሆምጣጤ የተዘፈዘፈ ዝንጅብል ደግሞ ከአንዱ ሱሺ ወደ ሌላው ስትሻገሩ አፍ ማጽጃ እንጂ ከሱሺው ላይ የሚደረብ አይደለም። ነፍሰ ጡር የሆናችሁ እህቶች ከጥሬው ዓሣ ርቃችሁ የበሰለውን እዘዙ።

ጉርሻ ገንዘብን በተመለከተ የምትኖሩበትን አገር ልማድ ተከተሉ። በጃፓን ምድር ላይ ከሆናችሁ ግን ጉርሻ አልተለመደም፤ ጠረጴዛ ላይ ትታችሁት ብትወጡ አስተናጋጁ ረስታችሁት መስሎት ይዞ ሊከተላችሁ ይችላል። ሒሳባችሁን ከፍላችሁ ስትወጡ «ጎቺሶሳማ ዴሺታ» ብትሉ፣ በምስጋናው ወጥ ሠሪውም ከውስጥ ሆኖ ደስ ይለዋል።