በአንድ እጅ የሚከፈት ቦርሳ

ሰላም ወንድሜ። «ከጓደኞቼ ጋር በየሳምንቱ ሜዳ ወጥተን ኳስ እንጫወታለን፤ አንዳንዴም ጫካ ውስጥ በቡድን ተከፍለን የሩጫ ጨዋታ እናደርጋለን። ለራሴ የምይዘው የመጀመሪያ እርዳታ ቦርሳ ውስጥ ምን ምን ላድርግ?» ብለህ ጠይቀሃል። ከላይ ብዙ ሰው ዝርዝር ጽፎልሃል፤ አብዛኛው ደህና ነው። ወደ ዕቃው ከመግባቴ በፊት ግን እኔም አንድ ነገር ልጠይቅህ። ቦርሳውን በአንድ እጅህ መክፈት ትችላለህ?

ደርሶብኝ ነው። የመጀመሪያው ቦርሳዬ ተዘጋጅቶ የሚሸጥ ነበር። ላዩ ላይ «100 ዕቃ» ይላል። ሲቆጠር ግማሹ ትንንሽ ፕላስተር ነው። አንድ ቀን እየሮጥኩ ወደቅኩና ስለታም ድንጋይ ቀኝ መዳፌን ሰነጠቀው። ዚፑን በጥርሴ ከፈትኩት። ጎዙ፣ ማለትም ቁስል ላይ የሚደረገው ስስ ጨርቅ፣ ላስቲክ ውስጥ ነው፤ ላስቲኩ ደግሞ ሌላ ላስቲክ ውስጥ። ደሙ ይንጠባጠባል፣ እኔ በግራ እጄ ከላስቲክ ጋር ግብግብ ገጥሜያለሁ። መጨረሻ ላይ ቲሸርቴን አውልቄ ጠቀለልኩበት።

የግል ቦርሳ ሲባል ተጎጂውም ረጂውም አንተው ልትሆን ትችላለህ። ስለዚህ ዚፑ ላይ ጣት የሚያስገባ ገመድ እሰርበት። የደም ማቆሚያው ከሁሉም በላይ ይቀመጥ። አንድ ቀን ቤትህ ቁጭ ብለህ ቀኝ እጅህን ከኋላህ አድርግና ጎዝ አውጥተህ ለመክፈት ሞክር። ቤተሰብ ይስቅብህ ይሆናል፤ ይሳቁ።

ለደም የምይዘው አምስት ትልልቅ ጎዝና የሚለጠጥ ፋሻ ነው። ጎዙን ቁስሉ ላይ አድርገህ ጠንከር አድርገህ ትጫናለህ፤ ሰዓት እያየህ 10 ደቂቃ። ሁላችንም የምንሳሳተው እዚህ ላይ ነው። «ቆመ ወይ?» እያልን በየደቂቃው እናነሳዋለን፤ መርጋት የጀመረው ደም እንደገና ይፈታል። ደሙ ጎዙን ካለፈ ሌላ ደርብበትና መጫንህን ቀጥል። በደንብ ተጭነኸውም አልቆም ካለ ወይም ፊን እያለ የሚወጣ ከሆነ፣ እየተጫንክ ወደ ሐኪም ነው። ሌላ ሰው የምትረዳ ከሆነ ደግሞ ጓንት አጥልቅ። ላቴክስ የሚባለው የጎማ ጓንት አለርጂ የሚሆንበት ሰው ስላለ እኔ ናይትራይል ከሚባለው ሰው ሠራሽ ጎማ የተሠራውን ነው የምይዘው።

ለተላላጠ ጉልበት ብዙ ሰው አልኮል ያዝ ብሎሃል። እኔ ቁስል ላይ አላደርግም። ማቃጠሉ ሳያንስ ጤነኛውንም ሥጋ ይጎዳል። አሸዋና አፈር የሚያወጣው ብዙ ንጹህ ውሃ ነው፤ የሚጠጣው ይበቃል። የፕላስቲክ ጠርሙስ ክዳን በመርፌ ብሳና ጨመቅ ጨመቅ እያደረግክ እጠበው። ከዚያ ጎዝና ጥቅል ፕላስተር። ለእሾህና ለስንጣሪ ወረንጦ ያስፈልግሃል፤ ጫፉ የሚገጥም መሆኑን ስትገዛ እይ። ጫፉ ካልገጠመ እሾሁን ወደ ውስጥ ነው የሚገፋው።

እውነቱን ለመናገር ቦርሳዬን ከሁሉ በላይ የሚያስከፍተኝ ደም አይደለም፤ ውሃ የቋጠረ ተረከዝ ነው። በተለይ አዲስ ጫማ ያደረገ ሰው ባለበት ቀን። ውሃ ከመቋጠሩ በፊት አንድ ቦታ ላይ ለብለብ ያደርጋል። ያኔ ጨዋታውን አቁም፣ ካልሲህን አውልቅ፣ እግርህን አድርቅና ጥቅል ፕላስተር ሳይጨማደድ ለጥፍበት። ሁለት ደቂቃ ነው የሚፈጀው። «ይቺን ዙር ልጨርስ» ያለ ሰው ሳምንቱን ሙሉ ሲያነክስ አይቻለሁ፤ አንዱ እኔ ነኝ። ከቋጠረ በኋላ ትንሽ ከሆነ አታፍርጠው። ቆዳው ራሱ ሽፋን ነው። ተለዋጭ ካልሲም እዚሁ ቦርሳ ውስጥ ይግባ፤ የእርዳታ ዕቃ አይመስልም እንጂ ነው።

ቁርጭምጭሚት ወለም ሲል ያው የሚለጠጥ ፋሻ ነው። ከእግር ጣቶች አካባቢ ጀምረህ ወደ ላይ ጠምጥም። ስትጨርስ የአውራ ጣቱን ጥፍር ተጫነው። ይነጣል፤ ስትለቀው 2 ሰከንድ ባልሞላ ጊዜ መቅላት አለበት። ከዘገየ ወይም እግሩ ከደነዘዘ አጥብቀኸዋል፣ ፈትተህ አላላው። ሰውየው አራት እርምጃ እንኳ መራመድ ካቃተው ወይም አጥንቱ ሲነካ ካመመው ራጅ ይነሳ።

ተመትቶ የሚቀዘቅዘውን ከረጢትም አንድ እይዛለሁ። ውስጡ ውሃና እንደ ዩሪያ ያለ ኬሚካል ለየብቻ ተቀምጠዋል፤ ስትመታው ይቀላቀሉና ኬሚካሉ ሲሟሟ ሙቀት ይስባል። የሚሠራው አንዴ ብቻ ነው። የመጀመሪያዬን ቦርሳው ግርጌ አድርጌው ሰው ተቀመጠበትና ማንም ሳይጎዳ ቀዝቅዞ አለቀ። ጨርቅ አልብሰህ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ፤ በቀጥታ ቆዳ ላይ አይደረግም።

መድኃኒት አታብዛ። ፓራሲታሞል ይበቃል፤ ለአዋቂ በ24 ሰዓት ውስጥ ከ4 ግራም፣ ማለትም ከ500 ሚሊግራሙ ከስምንት ፍሬ አይለፍ። ስሙና የሚያበቃበት ቀን እንዲታይ ከነማሸጊያው ያዘው። አስፕሪን ከ16 ዓመት በታች ላለ ልጅ አይሰጥም። አስም ወይም ከባድ አለርጂ ካለብህ ደግሞ ያንተ መድኃኒት ከጎዙም ይቀድማል፤ የት እንዳለ ጓደኞችህም ይወቁ። የላብ ቀን ከሆነ አንድ ሁለት ፓኬት ኦአርኤስ (በውሃ የሚበጠበጥ የጨውና የስኳር ዱቄት) ጨምር።

ከላይ አንዱ ወንድማችን የመስፊያ መርፌና ክር ያዝ ብሏል። ይቅርታ ይደረግልኝና፣ ሜዳ ላይ ያልሠለጠነ ሰው ቁስል አይሰፋም። የማታውቅበት ዕቃ ከሚያውቁት ሰዎች ዘንድ ከመድረስ የሚያዘገይህ ሸክም ነው።

ቦርሳ ውስጥ የማይገቡ ሁለት ነገሮች ልንገርህ። ጭንቅላቱን ተመትቶ የደነዘዘ፣ ያስመለሰው ወይም ግራ የተጋባ ሰው «ደህና ነኝ» ቢልም በዚያ ቀን ወደ ጨዋታው አይመለስም፤ ሐኪም ይየው። ሌላው ጥርስ ነው። ቋሚ ጥርስ (የወተት ጥርስ ያልሆነ) ሙሉ በሙሉ ከወለቀ ሥሩን ሳትነካ ነጩን ክፍል ይዘህ አንሳው። ከቆሸሸ ለቅለቅ አድርግና ቦታው መልሰህ ጨርቅ አስነክሰው። አልመለስ ካለ ወተት ውስጥ አድርገህ ወደ ጥርስ ሐኪም ሩጥ፤ ግማሽ ሰዓት እንኳ ብዙ ነው።

ቦርሳው መኪና ውስጥ ተቆልፎበት አይዋል። ቁልፉን የያዘው ሰው ሁልጊዜ ሜዳው ሌላኛው ጫፍ ላይ ነው። ሙቀቱም መድኃኒቱን ያበላሻል፣ ፕላስተሩንም ያዝለገልገዋል። እኔ ጎዝ፣ ጓንትና ጥቅል ፕላስተር ወገቤ ላይ በትንሽ ኪስ አስራለሁ፤ የቀረው ሜዳው ዳር ይቀመጣል። ስሜ፣ የሚደወልለት ሰው ስልክና አለርጂዬ የተጻፈበት ወረቀትም እዚያው ኪስ ውስጥ አለ።

የጎደለውን የዚያኑ ማታ ተካ። የሚለጠጥ ፋሻ ግን ከመጀመሪያውም ሁለት ግዛ። የተዋሰ ሰው ሲመልስ እስካሁን አላጋጠመኝም።