ሂውማን ሄር ከማን ራስ ላይ መጣ?

ጥያቄ፦ መምህር፣ እንደምን ሰነበቱ? ደሴ ውስጥ ፀጉር ቤት አለኝ። ሹሩባ እሠራለሁ፣ ሂውማን ሄርም እሰፋለሁ። በሠርግ ሰሞን ሙሽሮች የሚፈልጉት እሱን ነው። በቅርቡ አንዲት ደንበኛዬ በስልኳ ቪዲዮ አሳየችኝ። ፀጉሩ ከሕንድ ጣዖት ቤት ነው የሚመጣው፣ ርኩስ መንፈስ አለበት ይላል። ሌላዋ ደግሞ ከሬሳ ላይ ነው የሚቆረጠው አለችኝ። አብራኝ የምትሠራው ሙስሊም ጓደኛዬ በእነሱ ሃይማኖት ፀጉር በፀጉር መቀጠል ጭራሽ ክልክል ነው ትላለች። እንቅልፍ አጣሁ። እውነት ከየት ነው የሚመጣው? አድርጌው መቁረብስ ይቻላል? ኃጢአት ከሆነ እስከ ዛሬ ያወጣሁት አሥራት ምን ሊሆን ነው? እኅትዎ፣ ከደሴ።

መልስ፦ እኅቴ፣ ሰላመ እግዚአብሔር ይብዛልሽ። ነገሩ እንጀራሽን የሚነካ ሆኖ ሳለ እውነቱን ለማወቅ መፈለግሽን ወድጄዋለሁ። ብዙ ሰው ትርፉ እንዳይጓደል ሲል አይጠይቅም።

የሬሳውን ወሬ ተዪው። ይህ ንግድ የቆመው በሕያዋን ሰዎች ፀጉር ነው።

የጣዖት ቤቱ ነገር ግን ወሬ ብቻ አይደለም። በደቡብ ሕንድ፣ በአንድራ ፕራዴሽ ግዛት፣ ቲሩማላ በሚባል ተራራ ላይ አንድ ታላቅ የሂንዱ ቤተ መቅደስ አለ። ቬንካቴስዋራ ለሚሉት አምላካቸው የተሠራ ነው። በየቀኑ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሰው ይጎርፍበታል። ከእነዚህ ብዙዎቹ ስእለት አለባቸው። ልጅ ያገኘችው፣ ከሕመም የዳነው፣ መጥቶ ራሱን ይላጭና ፀጉሩን ይሰጣል። ወንድ፣ ሴት፣ ሕፃን አይለይም። ለዚሁ በተሠራ አዳራሽ ውስጥ ላጮቹ ቀንም ሌሊትም ሥራ ላይ ናቸው። ፀጉሩ ከዚያ በርዝመት ይለያል፤ ቤተ መቅደሱም በኢንተርኔት ጨረታ ይሸጠዋል። ዊግና ሂውማን ሄር የሚሆነው ረጅሙ የሴቶች ፀጉር ነው። የሰጠችው ሴት ሳንቲም አትቀበልም። ለአምላኬ ሰጠሁ ብላ ተላጭታ ወደ መንደሯ ትመለሳለች።

ፀጉርን ለስእለት መላጨት ለእኛም እንግዳ ነገር አይደለም። ቅዱስ ጳውሎስ ስእለት ስለነበረበት በክንክራኦስ ራሱን ተላጭቷል (ሐዋ. 18፥18)። በብሉይ ኪዳን ራሱን በስእለት ለእግዚአብሔር የሚለየው ናዝራዊም የመለየቱን ጊዜ ሲፈጽም ይላጫል። ፀጉሩ ከዚያ የት እንደሚሄድ ግን ዘኍልቍ 6፥18 ላይ ተመልከቺ። ከመሥዋዕቱ በታች ባለው እሳት ላይ ይጣላል። ለማንም አይሸጥም፣ ማንም አያጌጥበትም። የአንድ ሰው ስእለት ለሌላ ሰው ትርፍ እንዳይሆን ሕጉ በሩን ዘግቶታል። እኔ ይህን ቃል ባነበብሁ ቁጥር የቲሩማላዋ ሴት ትዝ ትለኛለች። እምነቷ ከእምነታችን ቢለይም የሰጠችው ከልቧ ነው።

አንቺን የያዘሽ ጭንቀት ከአንቺ በፊት አይሁድንም ይዟቸዋል። ሃይማኖታቸውን አጥብቀው የሚይዙ ያገቡ አይሁዳውያት ፀጉራቸውን ይሸፍናሉ፤ ብዙዎቹ የሚሸፍኑት በዊግ ነው። በ2004 እ.ኤ.አ. ጉዳዩ እንደ አዲስ ተነሣና ሰው ወደ ቲሩማላ ተልኮ አጣራ። ኢየሩሳሌም የነበሩት ታላቁ ረቢ ኤልያሺቭም ከዚያ የመጣ ፀጉር ለጣዖት የቀረበ ነውና አይደረግ ብለው ወሰኑ። በእስራኤልና በኒውዮርክ ብሩክሊን ሰፈር ሰዎች በብዙ ገንዘብ የገዙትን ዊግ አደባባይ አውጥተው አቃጠሉ።

እኛስ? ሐዋርያው ለቆሮንቶስ ሰዎች ለጣዖት ስለተሠዋ ሥጋ የጻፈው እዚህም ይሠራል። ጣዖት በዓለም ከንቱ ነው ይላል (1ቆሮ. 8፥4)። በገበያ የሚሸጠውን ከሕሊና የተነሣ ሳትመረምሩ ብሉ ይላል (10፥25)። ስለዚህ እኅቴ፣ ጋኔን በፀጉር ተጠቅልሎ በአውሮፕላን አይመጣብሽም። ጥምቀትሽና ማተብሽ ከዚያ ይበልጣሉ። በቪዲዮ ሰውን እያስፈራሩ ተመልካች የሚሰበስቡትን አትስሚያቸው። ነገር ግን ያው ሐዋርያ ቀጥሎ፣ አንድ ሰው "ይህ ለጣዖት የተሠዋ ነው" ብሎ ከነገራችሁ፣ ስለነገራችሁ ሰው ሕሊና ስትሉ ተዉት ይላል (10፥28)። ያቺ ደንበኛሽ ልቧ ከተረበሸ "ምንም የለበትም" ብለሽ አግባብተሽ እንዳትሰፊላት። የራሷን ፀጉር አሳምረሽ ሥሪላት።

አሁን እኔን ወደሚያስጨንቀኝ ልምጣ። ከቤተ መቅደስ የሚመጣው የንግዱ አንድ ክፍል ብቻ ነው። እኛ ጋ ሴት ስታበጥር የወጣውን ፀጉር ጠቅልላ ትደብቃለች፣ አለዚያም ትቀብረዋለች፤ ሰው እጅ እንዳይገባ ነው። በሕንድና በባንግላዴሽ ግን ይህንኑ የማበጠሪያ ፀጉር መንደር ለመንደር እየዞሩ የሚሰበስቡ ሰዎች አሉ። በጥቂት ገንዘብ፣ በፀጉር ማስያዣ ወይም በትንሽ የቤት ዕቃ ይለውጡታል። ከዚያ ድሆች ሴቶች መሬት ላይ ተቀምጠው የተቋጠረውን ክር በክር ይፈቱታል። በሕንድ፣ በባንግላዴሽ፣ በምያንማር ይህ የብዙ መንደሮች መተዳደሪያ ነው። አቧራው አለ፣ ወገብ ያሳምማል፣ ክፍያውም እጅግ ትንሽ ነው። የተፈታው ፀጉር ወደ ቻይና ይላካል። በሄናን ግዛት ያለችው ሹቻንግ ከተማ የዓለም የዊግ ንግድ መዲና ናት።

የእያንዳንዱ ፀጉር የላይኛው ሽፋን እንደ ዓሣ ቅርፊት ከሥር ወደ ጫፍ የተደረደረ ነው። ከማበጠሪያ የተሰበሰበው ግን ሥሩና ጫፉ ተደበላልቋል፣ እርስ በርሱም ይያያዛል። ስለዚህ ፋብሪካው ሽፋኑን በአሲድ ያነሣዋል፣ ቀለም ያገባዋል፣ በሲሊኮን ይቀባዋል። ሱቅ ውስጥ ሲያዩት ያብረቀርቃል። ጥቂት ታጥቦ ሲሊኮኑ ሲለቅ እንደ ቃጫ የሚተበተበው ለዚህ ነው። ደንበኛ ተቆጥታ ስትመለስብሽ ምክንያቱን አሁን አወቅሽው። ሥሩና ጫፉ ሳይደባለቅ የተቆረጠው ነው "ሬሚ" የሚባለውና ዋጋው የሚወደደው።

በቀጥታ ከራሷ ላይ ተቆርጦ የሚገዛትም አለች። ሩሲያና ዩክሬን ውስጥ፣ እስያ ውስጥ፣ ችግር ያስጨነቃት ሴት ጉንጉኗን ትሸጣለች። ወድዳ ብትሸጥ ባልከፋ፤ ድህነት ሲያስገድድ ግን ዋጋውን የሚወስነው ገዢው ነው። ከዚህም የከፋ አለ። በ2020 እ.ኤ.አ. የአሜሪካ ጉምሩክ ከቻይና ሺንጂያንግ ግዛት የመጣ 13 ቶን ያህል የፀጉር ምርት ይዟል። ምክንያቱ በግዳጅ ሥራ የተመረተ ነው የሚል ጥርጣሬ ነበር። በዚያ ግዛት እጅግ ብዙ ሙስሊም ኡይጉሮች ታስረዋል። ጓደኛሽ ይህን ብትሰማ ምን እንደሚሰማት አስቢ።

ጌታችን "የራሳችሁ ጠጕር ሁሉ እንኳ ተቈጥሮአል" ብሏል (ማቴ. 10፥30)። የእኛ ብቻ አይደለም የተቈጠረው። የሕንዷም፣ የኡይጉሯም ተቈጥሯል። ቅዱስ ያዕቆብ ያልተከፈለ የሠራተኛ ደመወዝ ወደ ጌታ ጆሮ ይጮኻል ይላል (5፥4)። ፍርሃትሽን ከመንፈሱ ላይ አንሺና እዚህ ላይ አድርጊው።

ምን ላድርግ ካልሽ፣ ከምትገዢበት ነጋዴ ጀምሪ። ከየት ነው፣ ማን ሰበሰበው በዪው። ምናልባት አያውቅም፤ መጠየቅሽ ግን ነገ አስመጪውን እንዲጠይቅ ያደርገዋል። ለደንበኛም አትዋሺ። "ብራዚሊያን" "ፔሩቪያን" የሚሉት ስም በአብዛኛው የነጋዴ ስም ነው፤ ፀጉሩ የእስያ ነው። የማታውቂውን ነገር ከብራዚል ነው ብለሽ ዋጋ አትጨምሪ። አባይ ሚዛን በእግዚአብሔር ፊት አስጸያፊ ነው የተባለው (ምሳ. 11፥1) ለፀጉር ቤትም ነው። ሙሽራዋንም ሹሩባ አስለምጃት። ወሎ ውስጥ የሹሩባ እጅ ያላት ሴት ምን ልታጣ! የሚያምርባት የራሷ ነው። በካንሰር ሕክምና ፀጉሯ ለረገፈ እኅት ግን ዊግ ጌጥ አይደለም። እሷን ማንም አይውቀሳት።

ስለ ቍርባን ለጠየቅሽው፣ በሁለተኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻ ያስተምር የነበረው የእስክንድርያው ቀሌምንጦስ አንድ ጠንከር ያለ ጥያቄ ጠይቋል። የሌላ ሰው ፀጉር በራሷ ላይ ባደረገች ሴት ላይ ካህኑ እጁን ሲጭን የሚባርከው ማንን ነው? ሴቲቱን ሳይሆን የሌላውን ፀጉር ነው ይላል። ቅዱስ ጴጥሮስም ሽልማታችሁ በውጭ ያለው አይሁን ብሎናል (1ጴጥ. 3፥3)። እኔ የምመክርሽ ለቅዳሴ በራስሽ ፀጉር፣ ነጠላሽን ተከናንበሽ እንድትቀርቢ ነው። የቀረውን ከንስሐ አባትሽ ጋር ጨርሺው፤ አንቺን የሚያውቁሽ እሳቸው ናቸው።

ጓደኛሽ የነገረችሽ እውነት ነው። በሐዲሳቸው ፀጉር የምትቀጥለውም የምታስቀጥለውም ተወግዘዋል። እንግዲያው ሥራ ቢበዛብሽም የስፌቱን ሥራ በእሷ ላይ አትጣይባት። እሷ ሹሩባውን፣ እጥበቱን ትያዝ።

በእጅሽ ያለውን ፀጉር አታቃጥዪ። የምታውቂውን ሁሉ ነግረሻት የምትፈልግ ካለች ስፊላት። እስከ ዛሬ ያወጣሽው አሥራት ደግሞ ከቆምሽበት፣ እጅሽ እስኪደነዝዝ ከሠራሽበት የድካምሽ ዋጋ ነው። ሳታውቂ የሠራሽውን እግዚአብሔር አይቈጥርብሽም። አሥራትሽን እንደ ድሮው አውጪ።