መርፌውን እየወሰድኩ ብረት ላንሣ ወይስ ልጠብቅ?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ዶክተር። 44 ዓመቴ ነው፤ ኮምቦልቻ ሱቅ አለኝ። ስኳር እንዳለብኝ ካወቅሁ ስድስት ዓመት ሆነኝ። ሜትፎርሚንና ግሊቤንክላማይድ እወስዳለሁ። ካለፈው ዓመት ጀምሮ ደግሞ ዱባይ ያለችው እህቴ የምትልክልኝን ኦዜምፒክ በሳምንት አንዴ እወጋለሁ። ደሴ የሚከታተለኝ ሐኪም ያውቃል። ከ94 ኪሎ ወደ 83 ወርጃለሁ፣ አልሐምዱሊላህ። ግን ደሴ እናቴ ቤት ስሄድ ዳገቱ ላይ ጉልበቴ ይከዳኛል። በፌስታል የያዝኩት ዕቃ እንኳ ይከብደኛል። የእህቴ ልጅ "ጂም ገብተሽ ብረት አንሺ" ይለኛል። ጎረቤቶቼ ደግሞ "አሞሽ ነው እንዴ እንዲህ የከሳሽው? ጭራሽ ብረት? ወንድ ልትመስይ ነው?" ይሉኛል። እኔ መጀመሪያ 75 ኪሎ ልግባና ከዚያ ብጀምርስ ብያለሁ። ምን ይመክሩኛል? (ዘ. ከኮምቦልቻ)

መልስ፦ ወ/ሮ ዘ.፣ 75 እስኪገቡ አይጠብቁ። የወንድ መምሰሉን ነገር ለጎረቤቶችዎ ይተዉላቸው። በዚህ ዕድሜ፣ ትንሽ እየበሉ፣ በሳምንት ሁለት ሦስት ቀን ብረት በማንሣት ወንድ የመሰለች ሴት አላየሁም።

ከጂሙ በፊት ግን ያልጠየቁኝን ልመልስ። ከጽሑፍዎ ውስጥ ያሳሰበኝ ግሊቤንክላማይዱ ነው። ይህ ክኒን በሉም አልበሉም ቆሽትዎን "ኢንሱሊን አምጪ" እያለ ይገፋል። ኦዜምፒኩ የምግብ ፍላጎትዎን ቀንሶታል። 11 ኪሎ ወርደዋል። በዚያ ላይ ጡንቻ ሲሠራ ከደም ውስጥ ስኳር ይወስዳል። እነዚህ ሲደራረቡ ስኳርዎ ድንገት ሊወርድ ይችላል፤ አንዳንዴ ስፖርት ከሠሩ በኋላ በዚያው ሌሊት። ላብ፣ መንቀጥቀጥ፣ የልብ መምታት፣ ግራ መጋባት ከተሰማዎት ወዲያው ይለኩ። ከ70 በታች ከሆነ ሦስት አራት የሻይ ማንኪያ ስኳር በውሃ በጥብጠው ይጠጡ፤ ከ15 ደቂቃ በኋላ እንደገና ይለኩ። መለኪያ በእጅዎ ከሌለ ስኳሩን መጀመሪያ ይጠጡ። እንዲያውም ዳገቱ ላይ ከሚከዳዎት ጉልበት የተወሰነው ይኸው ሊሆን ይችላል፤ በሚቀጥለው ጊዜ እዚያው ቁመው ይለኩት።

ስለዚህ ለሐኪምዎ ይደውሉና "ስፖርት ልጀምር ነው፣ ግሊቤንክላማይዱ ይቀነስ ወይ?" ብለው ይጠይቁ። በራስዎ አይቀንሱት። ረመዳን ከመግባቱ በፊትም ይህንኑ ጥያቄ ይድገሙት። ዓይንዎን ካልታዩ ደግሞ ይታዩ። ስኳር የዓይንን የውስጥ ደም ሥሮች ጎድቶ ከሆነ ትንፋሽ ይዞ ከባድ ነገር ማንሣት ደም ሊያፈስ ይችላል፤ ስኳሩ በፍጥነት ሲወርድም የዓይኑ ጉዳት ለጊዜው ሊባባስ ይችላል።

አሁን ወደ ጡንቻው። በኦዜምፒክ ውስጥ ያለው መድኃኒት ሴማግሉታይድ ይባላል። ስንበላ አንጀታችን የሚያመነጨውን አንድ ሆርሞን አስመስሎ ይሠራል፤ ጨጓራ ቀስ ብሎ እንዲፈስ ያደርጋል፣ ለአንጎልም "ጠገብኩ" ይላል። ዌጎቪ የሚባለውም ይኸው መድኃኒት ነው፤ ለክብደት ቅነሳ የተፈቀደና መጠኑ ከፍ ያለ። በ2021 የወጣ ትልቅ ጥናት ስኳር የሌለባቸው ሰዎች በ68 ሳምንት በአማካይ ከክብደታቸው 15 በመቶ ገደማ እንደቀነሱ አሳይቷል። በዚያው ጥናት የተወሰኑት ሰዎች ሰውነታቸው በመሣሪያ ሲለካ፣ ከወረደው ኪሎ 40 በመቶ ገደማው ስብ አልነበረም። ሁሉም ጡንቻ ነው ማለት አይደለም፤ ውሃም ሌላም አለበት። ጡንቻው ግን ቀላል ድርሻ የለውም። ነገሩ የመርፌው ክፋት አይደለም፤ በምንም መንገድ ይሁን ምግብ ቀንሶ የከሳ ሰው ጡንቻም ይቀንሳል። መርፌው ምግብ ያስቀንሳል እንጂ ሰውነትዎ ስቡን ይጣል ወይስ ጡንቻውን አይመርጥም። ሰውነት ጡንቻን የሚያስቀረው ሥራ ሲሰጡት ነው።

ለዚህ ነው "መጀመሪያ ልክሳ" የሚለውን ሐሳብ የማልወደው። የሄደን ጡንቻ ከመመለስ ያለውን ማቆየት ይቀላል። ደግሞም ለእርስዎ ጡንቻ ለቁንጅና ብቻ አይደለም፤ ከደም ውስጥ ስኳር የሚወስደው ዋናው ሥጋ እሱ ነው። መርፌውን አንድ ቀን ቢያቆሙትስ? ከላይ ባልኩት ጥናት መድኃኒቱን ያቆሙ ሰዎች በአንድ ዓመት ውስጥ ከቀነሱት ሁለት ሦስተኛውን መልሰዋል። የሚመለሰው ደግሞ በአብዛኛው ስብ ነው።

ደሴ ከኮምቦልቻ 600 ሜትር ገደማ ከፍ ስለምትል ትንሽ ቢያለከልኩ አይገርምም። እግር ሲከዳ ግን ከፍታው ብቻውን አያደርገውም። የእግር ጉዞዎን አይተዉ፤ ለልብ ጥሩ ነው። ጡንቻ ለማቆየት ግን አይበቃም።

ጂም መግባት ከከበደዎት ሱቅዎ ውስጥ ይጀምሩ። ጠንካራ ወንበር ግድግዳ ያስደግፉ። እጅዎን ደረትዎ ላይ አጣምረው ይነሡ። ሲቀመጡ ዘፍ አይበሉ፤ ሦስት እስኪቆጥሩ ቀስ እያሉ ይውረዱ። አሥር ጊዜ፣ ትንሽ አረፍ፣ እንደገና አሥር። ከዚያ ባለ 5 ሊትር የዘይት ጀሪካን ውሃ ይሙሉ፤ 5 ኪሎ አገኙ ማለት ነው። አንድ እጅዎን ወንበሩ ላይ ደግፈው ጎንበስ ይበሉ፤ በሌላው ጀሪካኑን ወደ ጎድንዎ ይሳቡት። ቀጥሎ ግድግዳ ላይ ፑሽ አፕ። ሲያነሡ ትንፋሽ ያውጡ፣ አይያዙት። "ሁለት ብቻ ልጨምር እችላለሁ" የሚሉበት ላይ ያቁሙ። 12 ጊዜ ሲቀልዎት ክብደቱን ይጨምሩ፤ ይህንን የሚረሳ ሰው ብዙ ነው፣ ያችኑ ጀሪካን ዓመቱን ሙሉ ያነሣል። በሳምንት ሁለት ሦስት ቀን፣ በመካከሉ እረፍት። የእህትዎ ልጅ ዳምቤል ይዞ ቢመጣ እሰየው፤ የእሱን ኪሎ ግን አይሞክሩ።

ምግቡ ላይ ዋናው ፕሮቲን ነው። ለእርስዎ በቀን ከ80 እስከ 100 ግራም አካባቢ እመክራለሁ፤ ኩላሊትዎ በምርመራ ደህና ከሆነ። አንድ እንቁላል 6 ግራም፣ አንድ ብርጭቆ ወተት 8፣ 100 ግራም የበሰለ ቀይ ሥጋ ከ25 በላይ አለው። ፍላጎትዎ ስለቀነሰ ሁለት ጉርሻ ላይ ሊጠግቡ ይችላሉ። እንግዲያው ወጡ ይቅደም፣ እንጀራው ይከተል። የኦርቶዶክስ ጾም ለምትጾሙ አንባቢዎች፦ ምስር፣ ወፈር ያለ ሽሮ፣ ባቄላና ሽምብራ ያድኗችኋል። ቀጭን ሽሮ ግን ውሃው ይበዛል።

ስለ መርፌው ራሱ አንድ ነገር። ያልተከፈተው ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ባለ ፍሪጅ መቀመጥ አለበት፤ በረዶ ከሠራ ይጣላል። ከተከፈተ በኋላ ከ30 ዲግሪ ባልበለጠ ቦታ እስከ 56 ቀን ይቆያል። ከዱባይ በሻንጣ መጥቶ ኮምቦልቻ ሙቀት ላይ ያደረ መርፌ ያሳስበኛል። የዓለም ጤና ድርጅትም በ2024 በዚሁ ስም ሐሰተኛ መርፌ እየተሸጠ መሆኑን አስጠንቅቋል። እህትዎ በሐኪም ማዘዣ፣ ፈቃድ ካለው ፋርማሲ ትግዛ፤ ደረሰኙንም ታስቀምጥ። ያው መንገድ ላይ ሙቀቱን የሚለካው ማን ነው? ለዚህም ነው በሻንጣ የመጣ ነገር ብዙም የማልወደው።

ማቅለሽለሹ የሚበረታብዎ ከመርፌው ማግስት ከሆነ ብረቱን ከዚያ ቀን ያርቁት። ባስታወከዎት ቀን ሥራውን ይዝለሉ፣ ውሃ ደጋግመው ይጎንጩ። ከላይኛው ሆድዎ ተነሥቶ ወደ ጀርባዎ የሚወጋ፣ የማይለቅ ሕመም ከመጣ ግን "ብረቱ ነው ያሳመመኝ" ብለው አይተኙበት። መርፌውን ያቁሙና በዚያው ቀን ሆስፒታል ይሂዱ፤ ቆሽት ወይም ሐሞት ከረጢት ሊሆን ይችላል።