ስልክ ኦቨርክሎክ ያደረጋችሁ፣ ሙቀቱን እያያችሁ ነው? ጥያቄ አምጡ

ሰላም ናችሁ ቤተሰብ፣ ዛሬ ማታ መብራትም አለ ኔትም አለ፣ ስለዚህ ቃል በገባሁት መሰረት ስልክ ኦቨርክሎክ ስለማድረግ (ፕሮሰሰሩን ከፋብሪካው ፍጥነት በላይ መንዳት ማለት ነው)፣ በተለይ ደግሞ ሙቀቱን እንዴት እንደምንከታተል የምትጠይቁኝን እመልሳለሁ። ስልክ ጥገና ላይ ነው የምውለው፣ ከርነል (ሃርድዌሩን የሚያዘው የሲስተሙ እምብርት) መነካካት የጀመርኩት ግን ስልኮች አንድ ኮር፣ ማለትም አንድ ስራ ሰሪ የፕሮሰሰር ክፍል፣ ብቻ በነበራቸው ጊዜ ነው። ሁለት ስልክ በገዛ እጄ ቀብሬያለሁ፣ ምክሬ ትንሽ የፈሪ ከመሰላችሁ ምክንያቱ እሱ ነው።

ጥያቄ፦ ሰላም ብሮ፣ ፍጥነት የሚጨምር አፕ አውርጄ ከ2 ጊጋኸርዝ ወደ 3 አሳድጌልሃለሁ አለኝ። ሩት አላደረኩም። ሙቀቱ 38 ይላል፣ ሰላም ነው?

መልስ፦ ሰላም ነው፣ ምክንያቱም አፑ ምንም አላሳደገም 😄 ሩት ሳታደርግ፣ ማለትም የሲስተሙን ሙሉ ፈቃድ ሳትከፍት፣ የፕሮሰሰሩን ፍጥነት የሚነካ አፕ የለም፣ ማስታወቂያ ሊያሳይህ ነው። 38 ያለህም የባትሪው ሙቀት ነው እንጂ የፕሮሰሰሩ አይደለም። ከአንድሮይድ 8 ወዲህ ተራ አፕ የፕሮሰሰሩን ሴንሰር እንዲያነብ ብዙ ጊዜ አይፈቀድለትም፣ ስለዚህ የባትሪውን ያመጣና "የስልክህ ሙቀት" ብሎ ይለጥፈዋል።

በነገራችን ላይ ድሮ ይሄ ነገር ቀላል ነበር። በ2009 የወጣው ሞቶሮላ ድሮይድ በ550 ሜጋኸርዝ ነበር የሚሸጠው፣ ሰው ሩት አድርጎ ከርነል ቀይሮ 1 ጊጋኸርዝ ላይ ይነዳው ነበር። ያኔ የፍጥነቱ ሰንጠረዥ ከርነሉ ውስጥ ስለነበር ነው፣ አንድ መስመር ትጨምራለህ አለቀ። ስናፕድራጎን (የኳልኮም ፕሮሰሰር) ላይ ከ845 ሞዴል ወዲህ ግን የሲፒዩው (የዋናው ፕሮሰሰር) ሰንጠረዥ ሃርድዌሩ ውስጥ ገብቷል፣ ከርነሉ የሚሰጠውን ተቀብሎ ያነባል እንጂ አይጽፍም። አሁን ኦቨርክሎክ አደረኩ የሚሉት ልጆች አብዛኞቹ ጂፒዩውን (የግራፊክስ ፕሮሰሰሩን) ነው፣ እንደ ኮናቤስ ባሉ አፖች።

ጥያቄ፦ ወንድሜ ድረስልኝ፣ በኤዲቢ (ስልኩን ከኮምፒውተር በምናዝበት መሳሪያ) የባትሪውን ሙቀት ሳየው 352 ይላል፣ ስልኩን አሽቀንጥሬ ወረወርኩት።

መልስ፦ ሂድ አንሳው 😂 35.2 ዲግሪ ነው። አንድሮይድ የባትሪን ሙቀት በአስረኛ ነው የሚጽፈው፣ ከመጨረሻዋ ቁጥር በፊት ነጥብ አለ ብለህ አንብበው። በእውነት 352 ዲግሪ ቢሆን እርሳስ (ብረቱን ማለቴ ነው) እጅህ ላይ በቀለጠ ነበር። የፕሮሰሰሩ ዞኖች (የሙቀት ሴንሰሮቹ) ደግሞ ብዙ ጊዜ በሺህኛ ነው የሚመጡት፣ 47000 ካልክ 47 ነው።

ጥያቄ፦ እኔ ሩት አድርጌያለሁ፣ ተርማል ዞን የሚባለው ፎልደር ውስጥ ስገባ ከ60 በላይ ዞን አለ። አንዱ 51 ይላል፣ አንዱ -40፣ አንዱ 125 ላይ ቆሟል ንቅንቅ አይልም። የቱን ልመን?

መልስ፦ የዛሬ ምርጥ ጥያቄ። እያንዳንዱ ዞን ውስጥ ሁለት ፋይል ፈልግ፣ አንዱ ቁጥሩ ነው፣ ሌላው "ታይፕ" የሚለው ስሙ ነው። መጀመሪያ ስሙን አንብብ። ስሙ ውስጥ ሲፒዩ ያለበት የኮሮቹ ነው፣ ጂፒዩ ያለበት የግራፊክሱ ነው፣ ባትሪ ያለው ግልጽ ነው፣ ስኪን የሚል ካገኘህ ደግሞ እጅህ የሚነካውን የስልኩን ገላ የሚገምተው ነው። -40 ወይ 125 ላይ ደርቆ የቀረው አብዛኛውን ጊዜ ምንም ያልተገናኘበት ሴንሰር ነው፣ እለፈው። ለማረጋገጥ አንድ ከባድ ጌም ክፈትና 30 ሰከንድ ጠብቅ፣ ህይወት ያለው ሴንሰር ይንቀሳቀሳል የሞተው ዝም ይላል።

ከዚያ ሶስት ቁጥር ብቻ ስክሪኑ ጥግ ላይ አስቀምጥ፦ በጣም የጋለው ኮር፣ የባትሪው ሙቀት፣ እና የፕሮሰሰሩ ወይ የጂፒዩው የአሁኑ ፍጥነት። ሶስተኛዋን ሰው ሁሉ ይረሳታል፣ ለእኔ ግን ከሁሉም እሷ ትበልጣለች። ሙቀቱ 80 ላይ ቆመ ብለህ ደስ ሊልህ ይችላል፣ ግን የቆመው ስልኩ ራሱ ፍጥነቱን ስለቀነሰ ሊሆን ይችላል እኮ፣ ያ ማለት ኦቨርክሎክህ ወረቀት ላይ ብቻ ነው ያለው። የመጀመሪያውን ደቂቃ ውጤት ስክሪንሾት አድርጎ የሚልክልኝ ሰው ብዙ ነው፣ እኔ የማየው 15ኛዋን ደቂቃ ነው። ባለፈው አንድ ልጅ ጂፒዩውን ከፍ አድርጎ አመጣልኝ፣ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠን ጌም ከፈትን፣ 3ኛ ደቂቃ ላይ ፍጥነቱ እሱ ያስቀመጠው ላይ ነበር፣ 9ኛው ላይ አንድ ደረጃ ወረደ፣ 14ኛው ላይ ሳይነካካው ከነበረው ከፋብሪካው ፍጥነት በታች ገባ። ልጁ ዝም ብሎ ስክሪኑን አፍጦ ያያል። መለስንለት፣ ጌሙ እንደውም ተስተካከለ።

ጥያቄ፦ ስንት ሲደርስ ነው የምደነግጠው?

መልስ፦ ኮሮቹ ጌም ላይ 70፣ 80 አንዳንዴም ከዚያ በላይ ለአፍታ ብቅ ቢሉ አትደንግጥ፣ ሲሊከን ይችለዋል፣ ለዚያ ነው የተሰራው። ባትሪው ግን ሌላ ፍጡር ነው። 40 ካለፈ ጌሙን አቁም፣ 45 ላይ ቻርጅ ማድረግ ክልክል ነው፣ ጤነኛ ስልክ ራሱ ያቆመዋል። ችግሩ ባትሪ ቀስ ብሎ ነው የሚሞቀው፣ ኮሩ በሰከንድ ውስጥ ይዘላል ባትሪው ግን ደቂቃዎች ዘግይቶ ይመጣል፣ ጌሙን ከዘጋህ በኋላም ትንሽ ሊጨምር ይችላል። ስለዚህ ባትሪው 39 ላይ ሆኖ ወደ ላይ እየሄደ ከሆነ 39 ነው ብለህ አትዝናና።

ለምን በጣም እንደሚግል ለሚገርማችሁ፣ ኃይሉ ከፍጥነቱ ጋር ብቻ አይደለም የሚያድገው፣ ከቮልቴጁ ካሬ ጋር ነው። ፍጥነት 20 በመቶ፣ ቮልቴጅ 10 በመቶ ጨመርክ እንበል፣ 1.2 በ1.21 ስታባዛው 1.45 ነው። 20 በመቶ ፍጥነት ለማግኘት 45 በመቶ ተጨማሪ ሙቀት፣ ያውም ፋን በሌለው እቃ ውስጥ።

ጥያቄ፦ ስሮትል የሚያደርገውን (ሲግል ፍጥነቱን የሚቀንሰውን) ነገር ጭራሽ ማጥፋት ይቻላል አይደል?

መልስ፦ ይቻላል፣ አታድርገው። ከቀበርኳቸው አንዱ እንደዚያ ነው የሞተው። ሙቀት የሚቆጣጠረውን ሰርቪስ አጥፍቼ ቻርጀር ላይ ሰክቼ ቤንችማርክ (የፍጥነት መፈተኛ) እያስሮጥኩ ቡና ሊጠጣ ነው ተብዬ ተጠራሁ፣ ሶስተኛውን ጠጥቼ ስመለስ የጀርባው ክዳን በአንድ በኩል ተነስቶ እንደ ዳቦ ነፍቷል። ቺፑ ለራሱ የመጨረሻ መዝጊያ አለው፣ ባትሪውን ግን ከጎኑ እየጠበሰው እንደሆነ ግድ የለውም።

ጥያቄ፦ ፍሪጅ ውስጥ ባስገባውስ?

መልስ፦ ኧረ ተው። ስታወጣው ውስጡ ላብ ይይዛል፣ ውሃ ማለት ነው። ከቨሩን አውልቀህ ፋን ፊት አስቀምጠው ይበቃል።

ጥያቄ፦ እኔ ዱባይ ሹፌር ነኝ፣ ስልኬ ኦቨርክሎክ ምናምን አልተደረገም፣ ግን ቀን ዳሽቦርድ ላይ ሳስቀምጠው ስክሪኑ ይጨልማል ቻርጅም እምቢ ይላል። ተበላሽቷል?

መልስ፦ አልተበላሸም ወንድሜ፣ ራሱን እየተከላከለ ነው። የበጋው አየር ብቻውን 40 ከሚያልፍበት አገር መስታወት ስር ፀሐይ ላይ ሲሆን ስልኩ ምንም ሳይሰራ ባትሪው 45ን ይነካል። ማፑን በድምጽ አድርገህ ስክሪኑን አጥፋው፣ መያዣውን ደግሞ ኤሲው የሚነፍስበት ጋ አዛውረው። ገመድ አልባ ቻርጀር ከሆነ እሱ ራሱ ሙቀት ይጨምራል፣ በገመድ አድርገው። አንተ የሚያስፈልግህ እንደውም የኦቨርክሎክ ተቃራኒው ነው፣ ባትሪ መቆጠቢያ ሞዱን አብራው።

ጥያቄ፦ ልጄ፣ እኔ ይሄን ኦቨር የምትሉትን አላውቀውም። ልጅየው ስልኬን "አፍጥኜልሃለሁ" ካለ ወዲህ ግን ኪስ ውስጥ ይግላል፣ ስክሪኑም ከጎን ከፍ ከፍ ብሏል።

መልስ፦ ጋሼ፣ ይሄኛውን ችላ አይበሉት። ስክሪኑ ከጎን ከፍ ካለ ባትሪው አብጧል ማለት ነው። ያጥፉት፣ ቻርጅ አያድርጉት፣ ስክሪኑን ተጭነው ወደ ቦታው ለመመለስ አይሞክሩ፣ ኪስዎም ውስጥ አይያዙት። ነገ ጠዋት ሰሪ ጋ ይውሰዱና ባትሪው ይቀየር፣ ልጅየው የነካካውንም ወደ ነበረበት ይመልስልዎ። ባትሪ መቀየር ፎቶዎቹን አያጠፋም፣ አይስጉ።

ጥያቄ፦ በጨረር የሚለካውን ቴርሞሜትር ገዛሁ፣ የስልኩ ጀርባ 29 ይለኛል እጄን ግን ያቃጥለኛል።

መልስ፦ ጀርባው የሚያብለጨልጭ ብረት ነው አይደል? የሚያብለጨልጭ ነገር ላይ ያ መሳሪያ ይሳሳታል፣ የራሱን ሳይሆን ከዙሪያው የሚያንጸባርቀውን ሙቀት ነው የሚያነበው። ጥቁር የኤሌክትሪክ ፕላስተር ትንሽ ቁረጥና ለጥፍበት፣ አንድ ሁለት ደቂቃ ጠብቀህ ፕላስተሩን ለካው።

ጥያቄ፦ ስክሪን ካስቀየርኩ በኋላ ነው መጋል የጀመረው፣ ኦቨርክሎኩ ያው የድሮው ነው።

መልስ፦ ስልኩ ውስጥ ቺፑ ላይ የሚለጠፍ ጥቁር የግራፋይት ወረቀት ወይ የመዳብ ሉህ አለ፣ ሙቀቱን ወደ ፍሬሙ የሚበትነው እሱ ነው። የቸኮለ ሰሪ ሲገነጥለው ይቀደድና መልሶ አይለጥፈውም፣ ስልኩ ይሰራል ማን ያውቅበታል። እኔም ስጀምር አድርጌዋለሁ፣ አልክድም። አስከፍተህ እዩት፣ እስከዚያ ግን ፍጥነቱን ወደ ፋብሪካው መልሰው።

ጥያቄ፦ የመጨረሻ ጥያቄ፣ የኔ ስልክ ጂፒዩ ስንት ድረስ ላስኪደው?

መልስ፦ ቁጥር አልሰጥህም፣ ያንተ ቺፕና የጓደኛህ ቺፕ አንድ ሞዴል ሆነው እንኳ አንድ አይደሉም። በመጀመሪያ ፍጥነቱን ሳትነካ ቮልቴጁን አንድ ደረጃ ቀንሰው፣ ከዚያ 15 ደቂቃ ጌም። ካልፈረሰ አንድ ደረጃ ድገም፣ ስክሪኑ ላይ ቀለማ ቀለም ብልጭ ማለት ከጀመረ ወይ ራሱን ሪስታርት ካደረገ ወደ ኋላ ተመለስ። ብዙ ጊዜ እዚሁ ላይ ስልኩ ስለሚቀዘቅዝ ፍጥነቱን ራሱ ሳይጥል ይይዘዋል፣ የምትፈልገውን ፍሬም (በሰከንድ የሚታየውን የጌም ምስል ብዛት) ያለ ኦቨርክሎክ ታገኘዋለህ። ከመጀመርህ በፊት ግን የድሮውን ቡት ኢሜጅ (ስልኩ ሲነሳ የሚጠቀመውን ከርነሉ ያለበትን ፋይል) ኮምፒውተር ላይ ኮፒ አድርግ፣ ስልኩ ላይ ብቻ አታስቀምጠው።